ነርሲንግ ልግባ ወይስ ቡናው ላይ ልቆይ?

በዚህ ወር እጄ የገቡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሥራ ነገር ይዘው ነው የመጡት። ሦስቱን መረጥኩ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ እኔ ዕድሜዬን የኖርኩበትን ሙያ፣ የቡናን ጥራት ቀምሶ መለየትን፣ ስላነሣች መልሱን ለማሳጠር አልሞከርኩም።

ጥያቄ

«እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 28 ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም መሆን ነበር የምመኘው። እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባት ሪፈራል ስንመላለስ ነው ያደግኩት። ነጭ ጋዋን ለብሰው በኮሪደሩ የሚያልፉትን ሳይ ‹እኔም አንድ ቀን› እል ነበር።

12ኛ ክፍል የተፈተንኩት በ2008 ነው። ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ ተሰረዘና ክረምት ሲገባ እንደገና ተቀመጥን። ውጤቴ ለሕክምና አልበቃም፤ ኬሚስትሪ ደረሰኝ። በ2011 ተመረቅሁ። ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ቆይቼ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገባሁና ሸሚዝ ላይ ኳሊቲ ቼከር ሆንኩ። በ2014 አጎዋ (ሸሚዛችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል) ሲቋረጥ ፋብሪካችን ሠራተኛ ቀነሰ፤ እኔም ከተቀነሱት ውስጥ ነበርኩ። በኋላ በጎረቤት ጥቆማ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና እንድቆላ ተቀጠርኩ። መጀመሪያ መቁላት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ፈጨሁ፤ ከዚያ ስኒ መደርደርና ውኃ መቅዳት ተሰጠኝ። አሁን ዋናው ቀማሽ ሲቀምስ አብሬው እንድቀምስ ይጠራኛል። ‹አንቺ ምላስ አለሽ› ይለኛል። ጠዋት ስነሣ ዛሬ ከየት የመጣ ናሙና ይኖር ይሆን ብዬ እያሰብኩ ነው የምሄደው።

አሁን ውጭ አገር ያለው አጎቴ ‹ግል ኮሌጅ ግቢና ነርሲንግ ተማሪ፣ እኔ እከፍላለሁ› አለ። ቤቱ በሙሉ በደስታ ሰከረ። እናቴ አለቀሰች፤ ‹እግዜር ሕልምሽን መለሰልሽ› አለችኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ብሄድ ቡናው ሊቆጨኝ ነው። ብቀር የልጅነት ምኞቴን በገዛ እጄ እንደገደልኩት ሊሰማኝ ነው። ምዝገባው ሊዘጋ ነው፤ ምን ይመክሩኛል?

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከአቶቴ»

መልስ

ልጄ፣ ያሰብኩትን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለእኔ ቡናው ላይ ብትቆዪ ይሻላል።

ይህን የምለው ነርስነት አንሶብኝ አይደለም። እናቴን በመጨረሻ ሕመሟ ያስታመሙልኝን ነርሶች እስከ ዛሬ ስማቸውን እየጠራሁ እመርቃቸዋለሁ። የምለው ደብዳቤሽን አይቼ ነው። ስለ ሕክምናው የጻፍሽልኝ ጋዋኑንና ኮሪደሩን ነው። ስለ ቡናው ግን ቆላሁ፣ ፈጨሁ፣ ቀዳሁ፣ ቀመስኩ አልሽኝ። አንዱን ከውጭ አይተሽዋል፤ ሌላውን ውስጡ ገብተሽ ታውቂዋለሽ። ጠዋት ስትነሺ የምታስቢውም የሁለተኛውን ነው።

ስለ ልጅነት ምኞት ትንሽ ላውራሽ። እኛ ተማሪዎች ሳለን እዚሁ ሐዋሳ መምህሩ «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ ሐኪም፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር ይል ነበር። እኔ ጋዜጠኛ አልኩ፤ ቤታችን ሬዲዮ ነበረና። ያን ጊዜ በአጥራችን ሥር ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) የጫኑ መኪናዎች ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳ ሲመጡ ሌት ተቀን ይሰማን ነበር። ግማሹ ተማሪ ዘመዶቹ ጓሮ ቡና ያላቸው ልጅ ነው። ከመካከላችን ግን ቡና ቀማሽ እሆናለሁ ያለ አንድም አልነበረም። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩንም የሚያውቅ የለም።

ልጅ የሚመኘው ካየው ሥራ ውስጥ መርጦ ነው። አንቺ በዚያ ዕድሜሽ ያየሽው ሆስፒታል ስለነበር ሐኪምነትን መረጥሽ፤ ምርጫሽም የሚከበር ነው፤ እናቷን የምትወድ ልጅ ምርጫ ነው። ዛሬ ግን ላብራቶሪ አይተሻል፣ ፋብሪካ አይተሻል፣ የቡና ጠረጴዛ አይተሻል። ስድስትና ሰባት ሥራ የምታውቅ የ28 ዓመት ሴት፣ ሦስት ብቻ ታውቅ ለነበረች ሕፃን የገባችው ቃል የለም። ስለዚህ «ሕልሜን ገደልኩ» የሚለውን ነገር ከራስሽ ላይ አውርጂው። በጣም ያሳዘነኝ እሱ ነው፤ ብዙ ወጣት በዚሁ ቃል ራሱን ሲቀጣ አያለሁ።

እኔ ራሴ እዚህ የደረስኩት በቀጥታ መንገድ አይደለም። የደረሰኝ ዕፅዋት ሳይንስ ነበር፣ እዚሁ ከተማችን ባለው፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በተጠቃለለው እርሻ ኮሌጅ። ከዚያ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ገጠር ወጣሁ፤ ገበሬው እሸት ቡናውን ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ሲያመጣ እየዞርኩ አስተምር ነበር። ቀይ የበሰለውን ከአረንጓዴው እንዲለዩ ስጎተጉት ልዩነቱ ስኒ ውስጥ ምን እንደሚመስል እኔም አላውቅም ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ቡና ማገበያየት ሲጀምርና የቅምሻ ላብራቶሪዎች በየቡና ከተማው ሲከፈቱ የሠለጠነ ሰው ተፈለገ፤ በዚያ በር ገባሁ። ጠረጴዛው ዙሪያ ሴቶች ጥቂት ነበርን።

እዚያ ያየሁትን አንድ ነገር ላጫውትሽ። ያስተማሩኝ ሽማግሌ ቀማሽ አንድ ቀን ከተደረደሩት ስኒዎች አንዱ ላይ ቆሙ። ማንኪያቸውን አልነከሩም፤ ጎንበስ ብለው አሸተቱ ብቻ። «ይሄ ከናፍጣ ጋር ነው የተጫነው» አሉ። እኛ ምንም አልሸተተንም። ሹፌሩ ተጠርቶ ሲጠየቅ ጄሪካን ናፍጣ ከጆንያዎቹ አጠገብ አስሮ ነበር የመጣው። ቡና አጠገቡ ያደረውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። እኚህ ሰው የአንድን መኪና ጉዞ ከስኒ አፍ ላይ አነበቡት። ያን ቀን ነው ይህን ሥራ ካላወቅሁት አልሞትም ያልኩት።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ኬሚስትሪውንና ፋብሪካውን እንደ ባከነ ዘመን ቆጥረሽ ነው የጻፍሽው፤ እኔ እዚያ ላይ አልስማማም። ብዙ ጥሩ ምላስ ያላቸው ልጆች አሠልጥኜአለሁ። የሚቸግራቸው የቀመሱትን ለምን እንዲያ እንደሆነ ማስረዳት ነው። አንቺ ግን የታጠበ የሲዳማ ቡና ምላስሽ ጫፍ ላይ ሎሚ ሎሚ ሲልሽ ሲትሪክ አሲድ ነው ማለት ትችያለሽ። ኮምጣጤ ሲሸት ማብላያ ገንዳ ውስጥ ከሚገባው በላይ ቆይቶ አሴቲክ አሲድ እንደበዛበት ትጠረጥሪያለሽ። አቆላሉ ሲጠቁር ክሎሮጅኒክ አሲዱ እንደሚፈርስና ምሬቱ ለምን እንደሚጨምር ተምረሽዋል። የእርጥበት መለኪያው ከ12 በመቶ በላይ ሲያሳይ መጋዘን ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚነግርሽ አያስፈልግሽም። ይህን ለጣቢያው ሥራ አስኪያጅ በስልክ አስረድቶ የሚቀጥለው ጭነት እንዲስተካከል የሚያደርግ ቀማሽ በእጅ አይገኝም።

ሸሚዙም እንደዚሁ። ቀኑን ሙሉ ስፌት ስታዪ፣ የዘለለ ክርና የተጣመመ ኮሌታ ስትለዪ ነው የኖርሽው። ጥሬ ቡና ላይም የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ ያልበሰለውን ከትሪ ላይ ለቅሞ መቁጠር። በምርት ገበያው አሠራር ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው፣ 60ው ለስኒው ነው። ዓይን የሌለው ቀማሽ 40ውን ያጣል።

ምላስ አለሽ ስላሉሽ ብቻ ግን አትመኚው፤ ፈትኚው። ቀማሹን ጠይቂውና በሳምንት አንድ ቀን፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ሦስት ስኒ አስቀምጥልኝ በይው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። የተለየውን ለይተሽ ጻፊ። በየጊዜው መዝግቢው። አሠራሩንም አጥብቀሽ ያዢ፤ 8 ግራም ከሩብ ቡና ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ውኃው ፈልቶ ትንሽ በረድ ያለ፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ ስኒው ላይ የሰፈፈውን የቡና ቅርፊት በማንኪያ መስበር፣ ስትሰብሪ አፍንጫሽን ስኒው ላይ ማድረግ፣ ከዚያ አረፋውን ጠርገሽ ጥቂት መጠበቅ። ለአንድ ናሙና አምስት ስኒ የሚቀዳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዲት የተበላሸች ፍሬ አንዱን ስኒ ብቻ ታበላሽና አራቱ ንጹሕ ይሆናሉ። የቸኮለ ቀማሽ እሷን ያልፋታል። ሽቶ አትቀቢ። ከቅምሻ በፊት ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ይቅርብሽ፤ ለሐዋሳ ሰው ዓሣ ያለ ዳጣ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ወደ ማታ አድርጊው።

ስለ እንጀራው ደግሞ። ከ2009ኙ የቡና ግብይት አዋጅ ወዲህ ላኪዎች ቡናው ከየትኛው ጣቢያና ከየትኛው አካባቢ እንደመጣ ለይተው መሸጥ ችለዋል። ለይቶ ለመሸጥ ለይቶ የሚቀምስ ያስፈልጋል፤ የአንቺ ድርጅት የራሱን ላብራቶሪ የያዘበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በ2012 አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው፣ ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ በሚባለው የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው ከዚሁ ከሲዳማ የሄደ ቡና ነው። ገዢ ስሙን እየጠራ ይመጣል። ችግሩንም አልደብቅሽም፤ ሥራው ወቅታዊ ነው። ለቀማ ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሆነ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ናሙና እንደ ጎርፍ ይመጣል፤ ክረምት ላይ ይደርቃል። አንዳንድ ቦታ በወቅቱ ቀጥረው በክረምት ያሰናብታሉ። ስለዚህ ውልሽ ቋሚ ነው ወይስ ጊዜያዊ? የሥራ መደብሽ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው? ናሙና የምትቆላ ተብሎ ተጽፎ እየቀመስሽ ከሆነ ረዳት ቀማሽ ተብሎ እንዲስተካከልና ደመወዝሽም እንዲታይ በጽሑፍ ጠይቂ። በቃል አትጠይቂ፤ የቃል ጥያቄ ይረሳል። ምላስሽን ያደነቀው ዋና ቀማሽ አብሮሽ ቢፈርም ደግሞ ይበልጥ ይሰማል።

ቀጥሎ የብቃት ማረጋገጫ። በአገር ውስጥ ለቀማሽነት ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ዘንድ ሂጂና ሥልጠናውና ፈተናው መቼ እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያ በላይ ኪው ግሬደር የሚባለው ዓለም አቀፍ ፈተና አለ፤ ሽታ መለየት፣ ጨውን ከጣፋጭና ከኮምጣጣ በመጠን መለየት፣ ቅድም ያልኩሽ የሦስት ስኒው ፈተና ነበረበት። ክፍያው ለእኛ ኪስ ከባድ ነው፤ አሰጣጡም በቅርቡ ስለተለወጠ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት አዲሱን አሠራር አጣሪ።

እዚህ ላይ አጎትሽ ይመጣሉ። እኚህ ሰው የሚወዱሽ ሰው ናቸው፤ እምቢታሽን በሰው በኩል እንዳይሰሙት። ራስሽ ደውዪላቸው። «ጋሼ፣ የአራት ዓመት ክፍያ ሊያወጡልኝ ነበር፤ የእሱን ጥቂት ለዚህ ሙያ ማረጋገጫ ቢያግዙኝ እራሴን እችላለሁ» በያቸው። የት እንደምትሠሪ፣ ምን እንደምትሠሪ፣ ፈተናው ስንት እንደሚፈጅ ቁጥሩን ይዘሽ ተናገሪ። ውጭ አገር ያለ ሰው ስፔሻሊቲ የሚባለው ምርጥ ቡና በስንት እንደሚሸጥ በየካፌው ያያል፤ ከምትገምቺው በላይ ይገባቸው ይሆናል።

እናትሽን ደግሞ አስፈቅደሽ ላብራቶሪ ውሰጃቸው። ልጃቸው ቡና ቤት ውስጥ ትሠራለች ብለው የሚያስቡ እናቶች ገጥመውኛል። ስኳር ስላለባቸው ቡናቸውን መራራውን ነው የሚጠጡት መሰለኝ፤ እንግዲያውስ ከማንም የተሻሉ እንግዳ ናቸው። ሁለት ስኒ አስቀምጪላቸው፤ አንዱ ጥሩ የታጠበ፣ አንዱ ጉድለት ያለበት። ልዩነቱን ራሳቸው ያግኙት። ከዚያ በኋላ ስለ ነርሲንጉ ብታወሩ ወሬው ሌላ ይሆናል።

እንዲህ ብዬሽም ቢሆን ልብሽ ነርሲንጉን ካለ እንዲህ አድርጊ። በመጀመሪያ የምታውቂያት ነርስ ፈልጊና የመጨረሻዋን የሌሊት ተረኝነቷን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንድትነግርሽ ጠይቂያት። ስንት ሰው እንደነበረ፣ ማን እንደጮኸባት፣ ማንን እንዳነሣች፣ ስንት ጊዜ ቁጭ እንዳለች። ሰምተሽ «እኔም እዚያ በሆንኩ» የሚል ከመጣልሽ የእኔን ምክር ተይውና ሂጂ፤ ከልቤ እመርቅሻለሁ። ስትመረቂ 32 ዓመትሽ ቢሆን ዕድሜው አያስፈራኝም። ሁለተኛ፣ ኮሌጁ ለነርሲንግ፣ በዲግሪ ደረጃ፣ በዚያው ካምፓስ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሪ፤ አንድ ኮሌጅ ለአንዱ ትምህርት ዕውቅና ኖሮት ለሌላው ላይኖረው ይችላል። ሦስተኛ፣ የመውጫ ፈተናና የጤና ባለሙያ የብቃት ምዘና እንዳለ አትርሺ፤ ከዚያው ኮሌጅ የወጡ ልጆች እንዴት እንዳለፉ ራሳቸውን ጠይቂ። ቅዳሜና እሑድ ተምሬ ሥራዬን እይዛለሁ ብለሽም አትቁጠሪ፤ የሆስፒታል ልምምዱ ቀን ይፈልጋል።

ሥራሽን ከለቀቅሽም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪ። የሥራ ልምድ ማስረጃሽን ስትጠይቂ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ ቀማሽ ሆነሽ እንደሠራሽ ተጽፎ ካልሆነ አትቀበዪ።

ይኸው ነው ልጄ። የሦስቱን ስኒ ውጤት ግን ጻፊልኝ፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ

«እህቴ፣ አናጺ ነኝ። ልጄ 11ኛ ክፍል ነው፤ ኳስ ነፍሱ ነው። ሰሞኑን ‹ትምህርቱን ትቼ ክለብ ልግባ› ብሎኛል። እኔ ደግሞ ኢንጂነር እንዲሆንልኝ ነበር። ኳሷን ልወርውርበት ወይስ ልተወው?

አባት፣ ከታቦር ተራራ ሥር»

መልስ

ወንድሜ፣ ኳሷን አይንኩበት። ሐዋሳ ከተማ ክለብ በ1996 እና በ1999 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያመጣበት ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ ኳስ ወደደ ብሎ መቆጣት አይቻልም።

ትምህርቱን ይተው ማለቴ ግን አይደለም። መጀመሪያ አንድ ነገር ያጣሩ፤ የጠራው ክለብ አለ ወይስ የለም? ካለ የትኛው ቡድን፣ ተስፋ ቡድን ነው ወይስ ዋናው፣ ወረቀት አለ ወይ? አሠልጣኙን እርስዎ ራስዎ ሄደው ያናግሩ። ከሌለ ወሬው የጓደኞች ወሬ ነውና ልጁ እየተማረ ይጫወት፤ ልምምድ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ነው። አብዛኛው ተጫዋች 35 ዓመት ገደማ ላይ ጫማ ይሰቅላል፤ ከዚያ ወዲያ አሠልጣኝ፣ ዳኛ፣ ፊዚዮቴራፒስት ለመሆንም ወረቀት ይጠየቃል። ይህን በቁጣ ሳይሆን በዕረፍት ሰዓት ይንገሩት።

አንድ እሑድ ደግሞ ሄደው ሲጫወት ይዩት። ልጅዎ ምን እንደሚችል ሳያዩ ኢንጂነር ይሁን ማለት ልጅዎ ኢንጂነሪንግ ምን እንደሆነ ሳያውቅ እምቢ እንዳለው ነው።

ጥያቄ

«ለአምዱ አዘጋጅ፤ የ41 ዓመት የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት። መምህር መሆን የልጅነት ምኞቴ ነበር፤ አሳካሁትም። ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ፍሪጅና ዲፕ ፍሪዘር እጠግናለሁ። አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ የሚይዙት ነጋዴዎች፣ ጁስ ቤቶች፣ ሥጋ ቤቶች ደንበኞቼ ናቸው። ከጥገናው የማገኘው ከደመወዜ አልፏል። ሱቅ ከፍቼ ሙሉ ለሙሉ ልገባበት አስቤ ነበር። ባለቤቴ ግን ‹መምህር ያገባሁ መስሎኝ፣ ኮምፕረሰር ተሸክመህ በባጃጅ ስትዞር ሰው ምን ይላል?› ትላለች። ባልደረቦቼም ይገርማቸዋል። የምወደውን ሥራ ስለ ገንዘብ የከዳሁ ሆኖም ይሰማኛል። ማስተማሩን ልልቀቅ ወይስ ሐሳቡን ልተወው?

መምህሩ፣ ከሐዋሳ»

መልስ

መምህር፣ ይልቀቁ፤ ግን ዛሬ አይደለም።

ክህደት ያሉትን ነገር አልቀበለውም። ቤቱን ለማስተዳደር ሌላ የሐቀኛ ሰው ሥራ የያዘ መምህር ማንንም አልከዳም። የሚከዱት በዓመቱ መካከል ጥለው ቢወጡ ነው፤ 12ኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎች ለፈተና ተቃርበው የፊዚክስ መምህር ካጡ የሚተካላቸው በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ የትምህርት ዘመኑን ይጨርሱ።

የቀረውን ጊዜ ለሒሳብ ይጠቀሙበት። «ከደመወዜ አልፏል» ብለውኛል፤ በየትኛው ወር? የካቲትና መጋቢት ሐዋሳ ሲሞቅ ፍሪጅ የማይበላሽበት ቤት የለም፤ በጾም ወራት የዓሣ ንግዱም ስለሚሞቅ ፍሪዘር ይሠራል፣ ይቃጠላልም። ሐምሌና ነሐሴስ? አንድ ደብተር ይግዙና ገቢውን፣ ለጋዝና ለዕቃ ያወጡትን፣ የባጃጁን ሳይቀር በየቀኑ ይጻፉ። አሁን ሱቅ የለዎትም፤ ሱቅ ሲኖር የቤት ኪራይ፣ ግብርና መብራት ይመጣል። ክረምቱ በዚያ ደብተር ላይ ተጽፎ እስኪታይ ድረስ ቁጥሩ ሙሉ አይደለም።

ደብተሩ ለባለቤትዎም ነው። የእሳቸውን ሥጋት ዝም ብሎ ኩራት አድርገው አይውሰዱት። በወሩ መጨረሻ የሚገባ ደመወዝ አንድ ቤት የሚተማመንበት ነገር ነው፤ እሱ ሲቀር ምን እንደሚሆን አያውቁም። ወር በወር ቁጭ ብለው አብረው ይመልከቱት። «ሰው ምን ይላል» የሚለው ግን በክርክር አይሸነፍም፤ የሱቁ በር ላይ የእርስዎ ስም ተጽፎ፣ ንግድ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሲያዩ ይቀላል። ፈቃድ ለማውጣት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ሊጠየቁ ስለሚችሉ በሙያው የሲኦሲ ምዘና ከወዲሁ ይመዝገቡ። ዲግሪ ያለው ሰው ከልጆች ጋር ተሰልፎ መመዘን አያፍርበትም፤ ደንበኛም የሚያምነው ያንን ወረቀት ነው።

የጡረታው ነገር ሳይረሳ። ከደመወዝዎ 7 በመቶ ሲቆረጥ መንግሥት 11 በመቶ እየጨመረልዎ ነው የኖሩት፤ የራስዎን ሥራ ሲጀምሩ ያን 11 በመቶ የሚጨምርልዎ አሠሪ የለም። መልቀቂያ ከማስገባትዎ በፊት ጡረታ ጽሕፈት ቤት ሄደው እስካሁን ያገለገሉበት ዘመን ምን መብት እንደሚያሰጥዎ በጽሑፍ ያስመልሱ። ከመልሱ ተነሥተው ምናልባት ሁለትና ሦስት ዓመት መጨመር የሚያዋጣ ሆኖ ያገኙት ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ይጨምሩ።

ስለ ሙያው የማውቅ ባልሆንም፣ የኛን ላብራቶሪ ማቀዝቀዣ የሚጠግን ባለሙያ ደብዳቤዎን አንብቤለት አንድ ነገር ንገሪልኝ ብሏል። አዳዲሶቹ የቤት ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር 600 ኤ የሚባለው ጋዝ እንደ ድሮው አር 134 ኤ አይደለም፤ ተቀጣጣይ ነው። ጋዙ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ክፍሉ ሳይናፈስ ብየዳ አይለኩሱ። የሚከራዩት ሱቅም መስኮት ያለው ይሁን፤ ከኋላ የታፈነ ቢረክስም አይውሰዱት።

ማስተማሩን ጨርሶ መተው ከከበደዎት የማታ ክፍለ ጊዜ የሚሰጡ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የፊዚክስ መምህር ይፈልጋሉ። በሳምንት ሁለት ማታ ቢይዙ ጠመኔውም አይርቅዎትም፤ ሱቁም አይጎዳም።

ሰኔ ላይ ውጤት አስገብተው፣ የትምህርት ቤቱን ንብረት አስረክበው፣ ከዚያ የአንድ ወር ማስታወቂያዎን በጽሑፍ ያቅርቡ። የማመልከቻውን ግልባጭ መዝገብ ቤት ማኅተም አስመትተው እጅዎ ላይ ያስቀሩ፤ ክሊራንሱና የሥራ ልምዱ ሳይሰጥዎት የሱቅ ኪራይ ቀብድ አይክፈሉ።